ሦስተኛው ብርጭቆ

የቅምሻ ቀን ሳሙና አይነካም። ሄራን ከዋዜማው ጀምራ ጨው የሌለው ቂጣ ስትበላ፣ ፊቷን በደረቅ ፎጣ ስትጠርግ፣ ጥርሷን በባዶ ጣቷ ስታሽ ነው የቆየችው። ጠዋት ወደ ማኅበሩ ቤት ስትሄድ የውሃ ካርድ የያዘው ሰልፍ ከጠባሴ ተነሥቶ መናኸሪያው ድረስ ተዘርግቷል፤ ሰዉ በርጩማውንና ዣንጥላውን ይዞ መጥቶ ወሬውን ይሰልቃል። ደብረ ብርሃን በአንድ ወቅት ብርዷ አጥንት የሚሰረስር ከተማ ነበረች ብሎ ለልጅ መንገር ተረት ማውራት ከሆነ ቆይቷል።

ብርዱ ሲሸሽ የፈረንጅ ወይን መጣ። ካሊፎርኒያን ሙቀትና እሳት ሲያስመርራት፣ ሐረጉን ይዞ ቀዝቀዝ ያለ ተራራ ፍለጋ የወጣው ባለሀብት ሁሉ መጨረሻው እዚህ ሆነ። ስሙንም ይዞት መጥቷል። እዚህ ተተክሎ፣ እዚህ ተለቅሞ፣ እዚሁ ጠርሙስ ውስጥ የገባው ወይን ካሊፎርኒያ ይባላል፤ ባሕር ማዶ ያለው ገዢም የድሮውን ካሊፎርኒያ ካልቀመሰበት ዞር ብሎ አያየውም።

የማኅበሩ ቤት በር አንገቷን፣ ብብቷንና እጅጌዋን አሸተተና «ንጹሕ» ብሎ አስገባት።

ሦስቱ ቀድመዋት ደርሰዋል። የማኅበሩ ሙሴ ጋሽ ኪሩቤል፣ ሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ነጭ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ብርጭቆ ይወለውላሉ። የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ያፌት ወንበሩን መስኮት ሥር ስቦ ተቀምጧል። ከሁሉ የምታንሰው ብሌን የማኅበሩን መዝገብ ገልጣ ቀኑን ትጽፋለች። ጥግ ላይ ከውሃ ድልድል ቢሮ የሚመጣው ታዛቢ አለ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስሙን ነግሯቸው አያውቅም። ጉልበቱ ላይ የታሸገ ፖስታ አስቀምጧል።

«ሄርዬ፣ አፍንጫሽ እንዴት አደረ?» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

«ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የኔን የሚጠይቅ የለም» አለ ያፌት።

«የእርስዎማ ይታወቃል፣ ዶክተር! ምን ቢያቀርቡልዎ የጫማ ቆዳ ነው የሚሉት» አለችው ብሌን።

ተሳሳቁ። ሄራንም አብራ ሣቀች።

ማኅበሩ ሲጀመር የፍቅር ነገር ነበር። ልክ እንደ ጽዋ ማኅበር ሙሴ መርጠው፣ የቀረ እየቀጡ፣ በየወሩ በተራ እየተጠራሩ ነው የጀመሩት፤ የአንዱን ተዳፋት ወይን ከሌላው ሲያወዳድሩ፣ ሲከራከሩና ሲኮራረፉ ይመሽባቸው ነበር። ኋላ «ማሽን በሰው ውሃ አይፈርድም» የሚል ሕግ ወጣ። ሕዝቡ ራሱ ጮሆ ያስወጣው ሕግ ነው፤ የወጣ ዕለት እልል ተብሎለታል። ቢሮው የሰው ምላስ ፍለጋ ሲዞር እነዚህን አራቱን አገኘና ጨዋታቸውን ሥራ አደረገላቸው። ከዚያ ወዲህ የቅምሻውን ቀን በደስታ የሚጠብቁት ጋሽ ኪሩቤል ብቻ ናቸው።

ፍርዱ እንዲህ ነው። የጥልቁ ጉድጓድ ውሃ የሚሄደው ካሊፎርኒያን አስመስሎ ላወጣ ተዳፋት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ውሃው ለዐሥራ አንድ ቀበሌ በቅቷል፤ ዓምና ለአራት። ዘንድሮ ቢሮው ለአንድ ብቻ ነው ብሏል። የወይኑ ቧንቧና የሰው ቧንቧ አንድ ስለሆነ፣ ወይኑ የወደቀበት ቀበሌ ፍርዱ እንደተነገረ ቧንቧው ይዘጋበትና ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቆላው ሠፈራ ይወርዳል። ቀድመው የወረዱት የሰባቱ ቀበሌ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ስልክ ያነሡ ነበር። አሁን ይጠራል እንጂ የሚያነሣው የለም።

የቀሩት አራቱ ምንጭ አፋፍ፣ አሞራ ገደል፣ ጨፌና ጅብ ዋሻ ናቸው። ሄራን የተወለደችው ጅብ ዋሻ ነው፤ ታላቅ እኅቷ ኤልዳናም ከባሏ፣ ከልጆቿና ገና ጡት ካልጣለች የልጅ ልጇ ጋር የምትኖረው እዚያው ነው። ቀማሽ ዘመድ ቢኖረው ቢሮው ግድ የለውም። ጠርሙሱ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከሚያዝያ ጀምሮም በቀማሾቹና በተዳፋቶቹ መካከል ስልክም ጉብኝትም ይዘጋል፤ የሚከፈተው ፍርዱ ሲነገር ነው። ታዲያ ሄራን ዛሬ የመጣችው ስለ ወይን ልትፈርድ አልነበረም። ኤልዳናን ተራራው ላይ ልታስቀር ነው የመጣችው።

አራቱ ብርጭቆዎች የሚነጻጸሩት ከ«እናት» ጋር ነው። እናት የሚሏት የማኅበሩ መሥራች ሲሞቱ ትተውላቸው የሄዱት ሣጥን ናት፤ ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ፣ ሁሉም ከናፓ፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር የ2020 ምርት። ከዚህች ሣጥን ሌላ የድሮ ካሊፎርኒያ የቀመሰ ሰው በመካከላቸው የለም። በየዓመቱ አንዱ ጠርሙስ ተከፍቶ ይቀምሱታል፤ የቀረው እንደ ልማዱ ለቢሮው ይላካል። መዝገቡ ላይ ስለ እናት የሚጻፈውም ከዓመት ዓመት አንድ ነው፦ ከፍሬው ሥር የናፓ አፈር ይሸታል።

አፈር አልነበረም። ሄራን ዓምና ሁለተኛውን ጉንጭ አፏ ውስጥ ስታዞር፣ በልጅነቷ የወተት ዕቃ ሲታጠን የሚሸታት ሽታ መጣባት። ጭስ ነው! ቤቷ ገብታ ብታጣራ፣ በዚያ ዓመት ናፓ በሰደድ እሳት ተከብባ ፍሬው ሐረጉ ላይ እንዳለ ጭሱን ጠጥቶታል። ስምንት ዓመት ሙሉ ዐይናቸውን ጨፍነው «አፈሩ! አፈሩ!» ሲሉለት የኖሩት ቃጠሎ ኖሯል። በአንድ ሣጥን ላገር ሙሉ የፈረደ ማኅበር! ለጋሽ ኪሩቤል ቢነገራቸው ዓመቱን አይጨርሱም ብላ ዝም አለች። ለኤልዳና ግን ዝም አላለችም።

መጋቢት ውስጥ፣ ስልኩ ሳይዘጋ፣ ለክርስትና ጅብ ዋሻ ሄዳ እኅቷን ጓሮ ወሰደቻት።

«እቴቴ፣ ፍሬው መቅላት ሲጀምር ከሐረጉ ሥር አጭሱ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«በምን እናጭስ?»

«ምን አላችሁ?»

«ወይራው አለልሽ፣ አፋፉ ላይ።»

«በወይራ አጭሱ በቃ። እኔ ሽታውን አላጣውም።»

ቀማሽ ስትሆን የገባችውን መሐላ እንዳፈረሰች ታውቃለች። ግን ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው። ደግሞስ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል የሚባለው? እሷ እንኳ ልትበላ አልነበረም፤ ለእኅቷ ልጆች ውሃ ልታስቀር ነበር።

ጋሽ ኪሩቤል ዘጠነኛውን እናት ከፈቱ። ቡሹ ሳይሰበር ሲወጣላቸው እፎይ አሉና በየብርጭቆው ሁለት ሁለት ጉንጭ ቀዱ። ለአፍ መጉመጥመጫ ለእያንዳንዳቸው አንድ ስኒ ውሃ ተሰጠ። የሚተፋው ውሃና ወይን እየተለካ ወደ ማጣሪያ ይመለሳል፤ የሚለካውም ታዛቢው ነው።

ሄራን እናትን ቀመሰች። እንደ ዓምናው ናት። መጀመሪያ ፍሬው፣ ከዚያ ጭሱ፣ በመጨረሻ ምላስ ሥር የምትቀር የአመድ ምሬት። የመጀመሪያውን ብርጭቆ አንሥታ አፍንጫዋን አስገባች።

ጭስ ሸተታት። የባሕር ዛፍ ጭስ ነው።

ልቧ ድንግጥ አለ። ሁለተኛውን አነሣች፤ ወይራ ነው። ሦስተኛውን አነሣች፤ እሱም ጭስ ነው፣ የጥድ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ዛፍም የለ፤ የሸተታት ኩበት ነው። እንጨት የጨረሰ ቀበሌ የከብቱን እበት ሰብስቦ ከወይኑ ሥር አንድዷል።

ነገር ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኤልዳና ለምራቷ ነግራ ይሆናል፤ ምራቷ የጨፌ ልጅ ናት፣ በእናቷ አትጨክንም። እናቷ ደግሞ ጎረቤት አላት። ብልጥ ለብልጥ ዐይን ብልጥጥ ሆነና አራቱም ቀበሌ ጭሱን ደረሰበት። ሄራን ብርጭቆውን አስቀመጠችና ጠረጴዛውን ያዘች። ተራራው ላይ የቀረው ዛፍ ያ ብቻ ነበር። እሷ ጓሮ ውስጥ በሹክሹክታ በተናገረችው አንድ ቃል አራት ተዳፋት ዛፉን አንድዷል።

ቢሆንም ወይራው አለ። ሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ፣ የማያጠራጥር ወይራ። ኤልዳና እንዳለችው አድርጋለች። በጭንቀቷ መካከል እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

አንድ ነገር ግን ነበር። እናትን ደግማ ቀምሳ ወደ አራቱ ስትመለስ፣ ምላሷ ሳታዘው ሦስተኛው ላይ ቆመ። ፍሬው፣ ጭሱ፣ ምሬቱ፣ ሁሉም በተራው መጣ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እናትን እንዲህ የሚመስል ወይን ቀምሳ አታውቅም። ወይራው ጥሩ ነው፤ ቢሆንም ትንሽ ይጣፍጣል፣ ጭሱም ቶሎ ይጠፋል። ይህን በሚገባ አወቀች፤ አውቃም ገፋችው።

«እህ?» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። ዐይናቸው ዕንባ አቅርሯል። «ምን ጉድ ነው ዘንድሮ? አራቱም አፈሩን አገኙት እኮ! ይህንን ሳላይ ቢወስደኝ ኖሮ…»

«ሦስተኛው ነው» አለ ያፌት። «የጫማ ቆዳም አልል፣ ምንም አልል። ራሷ እናት ናት።»

«እኔም ሦስተኛውን ነው የምለው» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

ብሌን የእስክሪብቶዋን ጫፍ እያኘከች «እኔ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነኝ» አለችና ወደ ሄራን ዞረች። ሁሉም ዞሩ። በዚህ ቤት የሄራንን አፍንጫ ተከራክሮ የረታ የለም።

«ሦስተኛው አታሏችኋል» አለች ሄራን። ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። «ላይ ላዩን እናትን ይመስላል። እስቲ ቆይታችሁ አሽትቱት። አዲስ ቁም ሣጥን አይሸታችሁም? አናጢ ቤት የገባችሁ አይመስላችሁም?»

ያፌት ብርጭቆውን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አሸተተ። ቀማሽ ሰው ደካማነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ለሽታ አንዴ ስም ከሰጡለት፣ ያ ስም ከአፍንጫው አይወጣም።

«ውይ» አለ። «ቁም ሣጥን ነው። እንዴት አልታወቀኝም?»

«የሰው እጅ ያለበት ነገር ነው» አለች ሄራን፤ ይህንን ስትል ፊቷ ጋለ። «ሁለተኛውን ቅመሱት። እሱ አፈር ነው። ዝም ያለ አፈር።»

ብሌን ሁለተኛውን ቀመሰች፤ ሦስተኛውን አሸተተችና አፍንጫዋን ነፋች። «እውነትሽን ነው፣ እትዬ ሄራን። አሁንማ ከቁም ሣጥን ሌላ ምንም አልሸት አለኝ። ሁለተኛው።»

«ሁለተኛው» አለ ያፌት።

ጋሽ ኪሩቤል ብቻ ሦስተኛውን ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ አንሥተው ቆዩ። «እኔ ቁም ሣጥን አልሸተተኝም» አሉ በመጨረሻ። «አርጅቼ ይሆናል። እንግዲህ ሦስት ለአንድ ነው። ደግሞ ሄርዬ፣ የኔን አፍንጫ ከምተማመን ያንቺን ብተማመን ይሻለኛል። ጻፊው፣ ብሌን፤ ሁለተኛው።»

አራቱም ፈረሙ። ታዛቢው ተነሥቶ መዝገቡን ፎቶ አነሣ፣ የጠርሙሶቹን ተራ ቁጥርና ቀበሌ የያዘውን ፖስታ ቀደደ፣ ጠርሙሶቹን የጠቀለለውን ጨርቅ እንዲፈቱ ለሙሴው ምልክት ሰጠ። ጋሽ ኪሩቤል የመጀመሪያውን ፈቱ።

«ምንጭ አፋፍ።»

ሄራን ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ፈቱ።

«አሞራ ገደል።»

የተሳሳቱ መሰላት። የእርጅና ዐይን ነው፣ አጥርተው አላዩትም አለች በልቧ። ተነሥታ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ራሷ አነበበችው። አሞራ ገደል ይላል። ጋሽ ኪሩቤል ሦስተኛውን ጨርቅ እየፈቱ ነበር፤ ጅብ ዋሻ የሚለውን ከእሳቸው አፍ ከመስማቷ በፊት አየችው። አራተኛውን፣ የጨፌን፣ አልሰማችውም።

«ቆይ!» አለች። «ቆይ፣ ቆይ! እናትን የሚመስለው ሦስተኛው ነው። ጋሽ ኪሩቤል፣ እርስዎ ነዎት ልክ። ቁም ሣጥን የለውም፣ ከራሴ ነው የፈጠርኩት። ዋሽቼ ነው!»

ብሌን እስክሪብቶውን ጣለችው። ያፌት ሦስተኛውን ብርጭቆ ደግሞ አሸተተ፤ አሁንም ቁም ሣጥን እንደሸተተው ከፊቱ ይታወቃል። ታዛቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ሄራንን ትኩር ብሎ አያት።

«ለምን ዋሹ?»

ሄራን እጇን ወደ መዝገቡ ዘረጋች።

«ቃልዎን ልመዘግብ እችላለሁ» አለ ታዛቢው። ድምፁ የሚያስፈራራ አልነበረም፤ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የሚናገረው። «ምክንያቱ ከአንድ ተዳፋት ሰው ጋር የተደረገ ንግግር ከሆነ ግን ተዳፋቱ ይሰረዛል፤ ሰውየውም በሕግ ይጠየቃል። ውሃው ያው ለሁለተኛው ይሄዳል። ምክንያት ከሌለዎት ደግሞ ጨርቅ ከተፈታ በኋላ የሚቀየር ፍርድ የለም። ልመዝግበው?»

ሄራን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አሰበችው፤ መውጫ የለውም። ነገሩን አሰረችና ደኅና አድርጋ ቆለፈችው፤ ቁልፉንም እሷው ናት የጣለችው።

«አይ» አለች። «ተዉት።»

ታዛቢው ፍርዱን ላከና ባዶ ፖስታውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ጋሽ ኪሩቤል ሁሉን እንደተረዱ አስተያየታቸው ይናገራል። ሦስተኛውን ብርጭቆ አነሡና ውስጡ የቀረውን ጠጡት፤ በማኅበሩ ደንብ ሳይተፉ መዋጥ ክልክል ነው። ታዛቢው አይቶ አለፋቸው።

ወዲያው የሄራን ስልክ ጮኸ። ከሚያዝያ ወዲህ ያልታየ ስም ነው የመጣው። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች።

«እቴቴ።»

«ሄርዬ! ተከፈተ እኮ ስልኩ! እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ?» የኤልዳና ድምፅ ከኋላው የሰው ጫጫታ አለበት። «ሰማን፣ ሰማን። አሁን በድምፅ ማጉያው ተናገሩት። አይዞሽ።»

«እቴቴ፣ ወይራ አላልሽኝም? በወይራ ነው የምናጨሰው አላልሽም?»

«ወይራውማ የአሞራ ገደል ሰዎች እየመጡ ጨረሱብን። ማን እንደነገራቸው እንጃ። ፍሬው እኩሌታው ቀልቷል፣ እሳቱ ቢጠፋ ልፋታችን ገደል ሊገባ ነው። ምን ይደረግ፣ የደብሩን ጥድ ቆረጥነው። ቄሱ እያለቀሱ እሳቸው ናቸው በመጥረቢያ የጀመሩት። አንድም አላስቀረንም፤ መቃብሩ ሁሉ ፀሐይ ላይ ወጣ። ልነግርሽ ስንት ቀን ደወልኩ መሰለሽ፤ ዝግ ነው።»

ሄራን የክፍሉን በር ሳብ አድርጋ ዘጋችው።

«ታዲያ እንዴት ነበር?» አለች ኤልዳና። «እውነት ንገሪኝ፤ አልተቆጣሽም አይደል? የኛው ወይን አልሆነም?»

«ሆኗል፣ እቴቴ። ከሁሉም የሚበልጠው የናንተው ነበር።»

«እኔም ለልጆቹ እሱን ነው የምላቸው! አክስታችሁ ሳትታገልልን አትቀርም፣ ሌሎቹ አሸንፈዋት ነው አልኳቸው። ብቻሽን ምን ታደርጊ። እንዳታለቅሺ፣ የኔ እኅት፤ አንቺ ምን አጠፋሽ? ቆይ አንዴ… አምጪው ያንን ባልዲ! ድስቱንም አምጪው፣ የታጠበ ያልታጠበ አትበሉ አሁን!»

በስልኩ ውስጥ ውሃ ይሰማል። ባልዲ ውስጥ ነው የሚወርደው፤ ድምፁ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ይመጣል። ሕፃኗ የልጅ ልጅ ታለቅሳለች። ኤልዳና እየሮጠች ትመለሳለች፣ ዕቃ ታቀብላለች፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ሄርዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ቀጠነ። ክር አከለ። ቶሎ በሉ፣ ኩባያውን… ኩባያውን ደቅኑት!»

ሄራን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ አዳመጠች። ውሃው መንጠባጠብ ጀመረ፤ ሳታስበው ጠብታውን ትቆጥር ነበር። ዐሥራ አራት ላይ ምንም አልሰማ አላት። ሕፃኗም ዝም ብላለች።

«ቆመ» አለች ኤልዳና።